የልብ መከታተያ መሣሪያ ሲያስቸግር፦ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ለሚሠሩ ባለሙያዎች

ይህ ጽሑፍ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ሕመምተኛ ለሚያመላልሱ ነርሶች፣ ለአምቡላንስ ባለሙያዎችና በየጤና ተቋሙ ለሚሠሩ የባዮሜዲካል ቴክኒሻኖች የተዘጋጀ ነው። የልብ ሞኒተር፣ የልብን ኤሌክትሪካዊ ምልክት ወረቀት ላይ የሚጽፍ የኢሲጂ ማሽን ወይም ልብን በኤሌክትሪክ ንዝረት ወደ ምቱ የሚመልስ ዲፊብሪሌተር ሲያስቸግር ብዙ ጊዜ «ተበላሽቷል» ተብሎ ወደ መጋዘን ይገባል፤ በሥራዬ ከፍቼ ካየኋቸው ብዙዎቹ ግን ችግራቸው የገመድ፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው የኤሌክትሮድ ወይም የአጠቃቀም እንጂ የማሽኑ አልነበረም። አንድ ጤነኛ ሞኒተር መጋዘን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ማየት ያሳዝነኛል፤ ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው።

ከሁሉም የሚቀድመው ግን ማሽኑ አይደለም። ስክሪኑ ላይ ያልተለመደ ነገር ሲታይ መጀመሪያ የሚታየው ሕመምተኛው ነው፤ ይናገራል ወይ፣ ይተነፍሳል ወይ፣ የአንገቱ የደም ሥር ይመታል ወይ። መልሱ አይደለም ከሆነ ገመድ መነካካቱ ይቅርና ደረት መጫን ይጀመር። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ሕመምተኛው ደህና መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የሚሠራ ነው።

ምልክት፦ መስመሩ ወፍሮ ጥቃቅን ጥርስ ሲያወጣ

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣው ኤሌክትሪክ ነው። የአገራችን መስመር 220 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 50 ጊዜ ሲመላለስ፣ የልብ ምልክት ቆዳ ላይ ሲደርስ 1 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ስለሆነ ትንሿ በትልቁ ትዋጣለች። ማረጋገጥ ቀላል ነው፤ ወረቀቱ በሰከንድ 25 ሚሊ ሜትር ፍጥነት ከታተመ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው በአንዱ ትልቅ ካሬ ውስጥ እኩል የተደረደሩ 10 ጥርሶች ይቆጠራሉ።

በቅድሚያ ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው በባትሪ ያሠሩት። መስመሩ ከጠራ ችግሩ ያለው ሶኬቱ ላይ ወይም የመሬት ገመዱ ላይ ነው፤ ሌላ ሶኬት ይሞከር፣ ከአልጋው አጠገብ ያለ የስልክ ቻርጀርና ዲቫይደር ይራቅ። በባትሪም ካልጠራ ጥፋቱ ኤሌክትሮዱ ወይም የተላጠ ገመድ ላይ ነው። የሶኬቱን ኤሌክትሪክ ከሥዕሉ የሚያጠራውን ፊልተር መክፈት የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ ሲከፈትም ቁጥሩ ይታይ። ከአሜሪካ በእርዳታ የመጡ አንዳንድ ማሽኖች ለዚያ አገር መስመር ተብሎ 60 ላይ እንደተደረጉ ስለሚመጡ፣ ፊልተሩ ተከፍቶም መስመሩ አይጠራም። ወደ 50 መቀየር የሚጠይቀው አንድ ደቂቃ ነው።

ምልክት፦ መስመሩ ሲንቀጠቀጥ ወይም ወደ ላይና ወደ ታች ሲዋዥቅ

እኩል ያልሆነ መንቀጥቀጥ የጡንቻ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በማለዳ ልብሱን አውልቆ ቀዝቃዛ አልጋ ላይ የተኛ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ማሽኑም ያንን ይጽፋል። ብርድ ልብስ ያልብሱት፣ እጁን ዘና አድርጎ እንዲያሳርፍ ይንገሩት፣ ጥቂት ይጠብቁ። የሚዋዥቅ መስመር ግን ከአተነፋፈስ ወይም ቆዳውን በደንብ ካልያዘ ኤሌክትሮድ ይመጣል። ዊለም አይንትሆቨን በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ኢሲጂን ሲፈጥር ሕመምተኛው እጁንና እግሩን ጨው ውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ይነክር ነበር። ዛሬ የዚያን ውሃ ሥራ የሚሠራው ኤሌክትሮዱ ላይ ያለው ጄል ነው። የኮምቦልቻ ሙቀት የተከፈተ ፓኬት ውስጥ ያለውን ጄል ያደርቀዋል፤ ስለዚህ ፓኬቱ የሚከፈተው በሥራው ሰዓት ብቻ ነው፣ የተረፈውም አፉ ታጥፎ ይቀመጥ። ቆዳው ላይ ቅባት ወይም ቫዝሊን ካለ በአልኮል ተጠርጎ ይድረቅ፣ በጋውዝ ቀስ ተብሎ ይታሽ፣ ጠጉር ካለም ይላጭ።

ምልክት፦ የልብ ምቱ ሥዕል ተገልብጦ ሲታይ

እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ሰውን ወደ ተሳሳተ ሕክምና ሊወስድ የሚችለው ይህኛው ነውና። በአገራችን ሁለት ዓይነት የገመድ ቀለም ጎን ለጎን ይሠራል። በአውሮፓው ሥርዓት ቀይ የቀኝ እጅ፣ ቢጫ የግራ እጅ፣ አረንጓዴ የግራ እግር፣ ጥቁር የቀኝ እግር፣ ነጭ የደረት ነው። በአሜሪካው ነጭ የቀኝ እጅ፣ ጥቁር የግራ እጅ፣ ቀይ የግራ እግር፣ አረንጓዴ የቀኝ እግር፣ ቡናማ የደረት ነው። ቀይ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ነጭ በሁለቱም አሉ፤ ትርጉማቸው ግን በአራቱም ይለያያል።

አንድ ምሽት ከአንድ ጤና ተቋም ተደውሎልኝ ሄድኩ። ሞኒተሩ የደረት ሕመም የያዛቸውን አባት ልብ ተገልብጦ ያሳያል፤ እሳቸው ግን ተቀምጠው ከልጃቸው ጋር ይነጋገራሉ። ነርሷ «ቢጫው የለም፣ ቡናማውን በግራ እጅ በኩል አደረግኩት፣ ነጩን በግራ ደረታቸው» አለችኝ። የድሮው ገመድ ተቆርጦ በሌላ ተተክቶ ነበር፤ አዲሱ አሜሪካዊ ነው፣ እሷ የተማረችው የአውሮፓውን ነው። ነርሷ ያጠፋችው ነገር የለም፣ ገመዱን የቀየረው ሰው ነበር መንገር ያለበት። አምስቱን ገመድ በየቦታቸው ስንመልስ ሥዕሉ ወዲያው ተቃና።

መፍትሄው ቀለሙን ትቶ ፊደሉን ማንበብ ነው። አሜሪካዊው ላይ «አር ኤ» የቀኝ እጅ፣ «ኤል ኤ» የግራ እጅ፣ «ኤል ኤል» የግራ እግር፣ «አር ኤል» የቀኝ እግር ማለት ነው፤ አውሮፓዊው ላይ በዚያው ቅደም ተከተል «አር»፣ «ኤል»፣ «ኤፍ»፣ «ኤን» ተጽፏል። ሁለቱ እጆች ብቻ ከተለዋወጡ አንደኛው ሊድ (በሁለቱ እጆች መካከል የሚነበበው መስመር) ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ይገለበጣል፣ የደረት ሊዶቹ ግን እንደ ወትሮው ይሆናሉ። እንዲህ ያለ ወረቀት ያየ ሰው ምርመራውን ከመጻፉ በፊት ገመዱን አይቶ እንደገና ያንሣ። ገመድ በተቀየረ ቁጥርም ሥርዓቱ በፕላስተር ላይ ተጽፎ ማሽኑ ላይ ይለጠፍ።

ምልክት፦ የጣት ኦክስጅን መለኪያው ቁጥር አልሰጥ ሲል

ጣቱ ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላል፤ ይሞቅ። በወፍራሙ የተቀባ እንሶስላ፣ ጥቁር ሂና ወይም የጥፍር ቀለም ብርሃኑን ሊጋርድ ስለሚችል መለኪያው በጣቱ ጎን በኩል ይዙር ወይም በጆሮ ጫፍ ይሞከር። ፀሐይ በቀጥታ ካረፈበት በጨርቅ ይሸፈን። ደሴ ላይ ጤነኛ ሰው በቆላ ካለው ጥቂት ነጥብ ዝቅ ብሎ ቢገኝ ከፍታው ነው፣ የማሽን ብልሽት አይደለም።

ምልክት፦ ዲፊብሪሌተሩ ሲጮህ ወይም አልሞላ ሲል

ባትሪው ደክሟል ወይም ደረት ላይ የሚለጠፈው የፓዱ ቀን አልፏል። ፍራንክ ፓንትሪጅ እ.ኤ.አ. በ1965 በቤልፋስት አምቡላንስ ላይ ያወጣው የመጀመሪያው ተንቀሳቃሽ ዲፊብሪሌተር በመኪና ባትሪ የሚሠራና 70 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነበር፤ የዛሬው በአንድ እጅ ይያዛል፣ ያለ ባትሪ ግን ያው ዝም ያለ ሣጥን ነው። የሚሞላ ባትሪ ያለው ሁልጊዜ ሶኬት ላይ ይቆይ፤ የማይሞላ ሊቲየም ያለው በፍጹም ቻርጅ አይደረግም፣ ይተካል። ፍተሻው በተረካቢና በአስረካቢ መካከል በየፈረቃው ይሁን።

ምልክት፦ ኢሲጂው ተልኮ አልደረሰም፣ ወይም ደርሶ አይነበብም

የልብ ምልክትን ወደ ሩቅ መላክ አዲስ ነገር አይደለም። አይንትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1905 ከሆስፒታል ወደ ቤተ ሙከራው 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል በስልክ ገመድ ልኮታል፤ ኖርማን ሆልተር በ1940ዎቹ መጨረሻ በጀርባ የሚታዘል 38 ኪሎ ገደማ የሆነ ሬዲዮ ሠርቶ ያለ ገመድ ልኮታል። የእኛ ችግር መንገዱ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም በሐረጎ ኩርባዎች ስንወጣ ተራራው ሞገዱን ይጋርደዋል። ስለዚህ ኢሲጂው መኪናው ሳይነሣ፣ ኮምቦልቻ ላይ እያለ ይላክ፤ «ደርሷል» የሚል መልስ ካልመጣም ተቀባዩ ሐኪም ጋ ይደወል። ሞኒተሩ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ ከሆነና እምቢ ካለ፣ የቀድሞው ተረኛ ስልክ አሁንም ተያይዞ እንዳለ ይታይ፤ የስልኩ ባትሪ ቆጣቢም ይጥፋ።

ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም መላክ በተለመደበት ቦታ ወረቀቱ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተዘርግቶ፣ ጥላ ሳያርፍበት፣ የፍጥነቱና የመጠኑ ጽሑፍ ጭምር ገብቶ ይነሣ። እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ምስሉን ስለሚያሳንሰው ትናንሽ ካሬዎቹ ይደበዝዛሉ፤ «ፋይል» በሚለው ይላክ። የሕመምተኛው ስም ይሸፈን።

የመጨረሻው ነጥብ የሰዓት አቆጣጠር ነው። የማሽኑ ባትሪ ሲሞት ሰዓቱም ይሳሳታል፤ ትክክል ሲሆን ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሕመምተኛው «ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ያመኛል» ሲሉ የጠዋቱን ሦስት ማለታቸው ከሆነ ማሽኑ ላይ 9 ሰዓት ነው። የረጋ ደም የሚያሟሙ መድኃኒቶች የሚሰጡት ሕመሙ በጀመረ በ12 ሰዓት ውስጥ በመሆኑ የስድስት ሰዓት ስሕተት ሕክምናውን ያስቀራል ወይም ያለ ጊዜው ያሰጣል። ስለዚህ ወረቀቱ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ እንዲህ ይጻፍ፦ «ሕመሙ የጀመረው ከጠዋቱ 3፡10 በኢትዮጵያ ሰዓት፤ ኢሲጂው የተነሣው 4፡25 በኢትዮጵያ ሰዓት፤ ማሽኑ ላይ 10፡25 ይላል።»