ፅንስ ስለ ማቋረጥ ልትማከር የመጣችን ሴት ከእምነቷ ጋር እንዴት እንስማት?

ይህ መመሪያ በጤና ጣቢያና በክሊኒክ የምክር አገልግሎት ለሚሰጡ ባለሙያዎች የተጻፈ ነው። በአገራችን ፅንስ ስለ ማቋረጥ ልትማከር የምትመጣ ሴት አብዛኛውን ጊዜ እምነቷንም ይዛ ትመጣለች፤ ይሁን እንጂ አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ ወይም የለበሰችውን ሂጃብ አይቶ ሐሳቧን መገመት ከሁሉ የከፋ አጀማመር ነው።

በቅድሚያ ሃይማኖቶቹ የሚያስተምሩትን በልኩ ይወቁ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሕይወት ከፅንሰት ይጀምራል፤ ማስወረድም ነፍስ እንደ ማጥፋት ይቆጠራል። ሆኖም በ314 እ.ኤ.አ. በዛሬዋ አንካራ የተሰበሰበው የአባቶች ጉባኤ፣ ያስወረደች ሴት እስከ ዕለተ ሞቷ ከቁርባን እንድትለይ ያዝ የነበረውን ሥርዓት አቅልሎ የ10 ዓመት ንስሐ አድርጎታል። ውግዘቱና የንስሐ በር ከጥንት ጀምሮ አብረው ኖረዋል ማለት ነው። በወንጌላውያን አማኞች ዘንድ «በሆድ ሳልሠራህ አውቄሃለሁ» የሚለው ኤርምያስ 1፥5 ደጋግሞ ይጠቀሳል። በእስልምና፣ ሐዲስን መሠረት አድርገው ፅንሱ በ120 ቀን ሩሕ (ነፍስ) ይነፋበታል የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው፤ ከዚያ በፊት ስላለው ጊዜ ግን መዝሀቦቹ (የሃይማኖቱ ሕግ ትምህርት ዘርፎች) ይለያያሉ። ከሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት በቂ ምክንያት ሲኖር የሚፈቅዱ አሉ፤ በማሊኪ መዝሀብ ክልከላው የጠበቀ ነው።

ይህን ማወቅ ግን የሚጠቅመው ለመጠየቅ እንጂ ለማስተማር አይደለም። «ከእምነትሽ አንጻር የሚከብድሽ ነገር አለ?» ብለው ይጠይቁና ሳያቋርጡ ያዳምጧት። ቀጥሎ ፈጣሪን መፍራቷንና ሰውን መፍራቷን ለይተው ለመረዳት ይሞክሩ፤ ብዙ ባለሙያዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከጋብቻ ውጭ ያረገዘች ልጅ ማስወረድን ኃጢአት ነው ብላ እያመነች፣ ቤተሰቧና ምእመኑ ዝሙት ብለው እንዳይፈርዱባት ስትል ልታስወርድ ትችላለች። ያው ሃይማኖት በአንድ በኩል ሲከለክላት በሌላ በኩል ይገፋታል። እንዲህ ያለችው ሴት የምትፈልገው ስብከት ሳይሆን ምስጢሯ እንደሚጠበቅ ማረጋገጫና በነፃነት የምታስብበት ጊዜ ነው።

ሕጉን በግልጽ ቋንቋ ያስረዷት። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 እርግዝናው በመደፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት የመጣ ሲሆን፣ የእናትየዋ ወይም የፅንሱ ሕይወት ወይም የእናትየዋ ጤንነት አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ፅንሱ ሊድን የማይችል ከባድ ጉድለት ሲኖርበት፣ እንዲሁም እርጉዟ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጁን ለማሳደግ ዝግጁ ካልሆነች ማቋረጥን ይፈቅዳል። መደፈሯን ለማስረዳት የራሷ ቃል ይበቃል፤ ምስክር አምጪ ማለት በቁስሏ ላይ ሌላ ቁስል መጨመር ነው።

የራስዎንም እምነት አይርሱ። ሕሊናዎ የማይፈቅድልዎ ከሆነ ፊትዎን ሳያጠቁሩ፣ ቀጠሮም ሳያራዝሙ ወዲያውኑ አገልግሎቱን ወደሚሰጥ ባልደረባ ያስተላልፏት፤ ጊዜ በገፋ ቁጥር ለጤናዋ ያለው ስጋት ይጨምራል፣ ተስፋ የቆረጠችም ሴት ሥርና መድኃኒት ወደሚሰጧት ሰዎች ልትሄድ ትችላለች።

የንስሐ አባቷን ወይም የምታምናቸውን ሼህ ማማከር ከፈለገች አይከልክሏት፤ እርስዎ ግን ያለ ፈቃዷ ለማንም አይንገሩ። እርግዝናውን ለመቀጠል ከወሰነችም የቅድመ ወሊድ ክትትሏን በዚያው ቀን ያስጀምሯት።