የአንጎል ቲቢ፦ አንገት እስኪደርቅ አትጠብቁ

ሐዋሳ ላይ ራሱን የሚያመውና የሚያተኩሰው ሰው መጀመሪያ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል፤ ካልተሻለው ወባና ታይፎይድ ይመረመራል። እስከዚህ ችግር የለውም። ስህተቱ የታይፎይዱን መድኃኒት ጨርሶ ራሱን ማመሙ ካልተወው ሌላ ዙር መድገም ነው። በቲቢ የሚመጣ ማጅራት ገትር እንደ ሌላው በአንድ ሌሊት አይጥልም፤ በቀላል ትኩሳት፣ በድካም፣ ምግብ በመዝጋትና በማስመለስ አንድ ሁለት ሳምንት ይጎተታል። ራስ ምታቱ 5 ቀን ካለፈው ስለ ቲቢ ጠይቁ። አንዱን ሁለት አድርጎ ማየት፣ የዓይን መንሸዋረር፣ መቀባጠር ወይም እንቅልፍ ማብዛት ከመጣ ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት።

ሐኪሙ ከወገብ ፈሳሽ ልውሰድ ሲል «ሽባ ያደርገዋል» ብላችሁ እምቢ አትበሉ። መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰር ካለቀበት በታች ነው። በፈሳሹ ውስጥ ጀርሙ ጥቂት ስለሆነ ከአዋቂ ቢያንስ 6፣ ቢቻል 10 ሚሊ ሊትር መውሰድ ይሻላል፤ ሰውነት በሰዓት 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚያመርት ቶሎ ይተካል። የቲቢን ጀርም የሚፈልገው ጂን ኤክስፐርት የተባለው ምርመራ «የለም» ቢልም ቲቢ አይደለም ማለት አይደለም፤ የፈሳሹ ስኳር አንሶ ፕሮቲኑ ከበዛ ሐኪሙ መድኃኒት ሊያስጀምር ይችላል። ያስጀምር።

መድኃኒቱ 12 ወር ነው፦ 2 ወር አራት የቲቢ መድኃኒቶች በአንድ ላይ፣ ቀጥሎ 10 ወር ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ። ጎረቤት በ6 ወር ጨረሰ ቢባል የእሱ የሳንባ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ ይዋጣል። ሽንት ብርቱካናማ ቢሆን ሪፋምፒሲን ነው፣ አትደንግጡ፤ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ከሆነ ግን ጉበት ነው፣ ቶሎ ሂዱ። ቀይና አረንጓዴ መለየት ካቃተውም ቶሎ ሂዱ።

ብዙ ቤት የሚበላሸው በዴክሳሜታሶን ወይም በፕሬድኒሶሎን ነው። ይህ የአንጎሉን እብጠት የሚያበርድ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀስ እየተቀነሰ የሚቆም መድኃኒት ነው። ፊቱ አበጠ ብሎ በአንዴ ማቋረጥ አደገኛ ነው። የየሳምንቱን መጠን በወረቀት አስጽፋችሁ መድኃኒቱ ከሚቀመጥበት ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ጠበል የሚሄድም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ።

ኤችአይቪ ከተገኘበት ሐኪሞች የኤችአይቪውን መድኃኒት በሳምንታት ማዘግየታቸው ቸልተኝነት አይደለም፤ አብሮ ቢጀመር አንጎሉ ውስጥ ያለው እብጠት ሊባባስ ይችላል። በሕክምናው መሃል ራስ ምታቱ ከተመለሰ ወይም እንቅልፍ ከበዛበት በአንጎል ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አትጠብቁ። ቤት ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ልጅ ካለ ደግሞ ጤና ጣቢያ ቲቢ ክፍል ወስዳችሁ አስመርምሩት፤ ካልታመመ የመከላከያ መድኃኒት ይሰጠዋል።