ቆሞ የሚታይ የመልካም ምኞት ካርድ በእጅ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በእጅ የተሠራ ካርድ ጠረጴዛ ላይ አልቆም ሲል ጥፋቱ በማስጌጫው ይሳበባል፤ አበባው ከበደ፣ ሪባኑ በዛ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ካርዱ የሚበላሸው ገና ሳያጌጥ፣ ወረቀቱ ሲመረጥ፣ ሲታጠፍና ኮላ ሲቀባ ነው።

እዚህ የምናየው ከአንድ ኤ4 ወፍራም ወረቀት የሚወጣውን፣ ሲዘጋ 148 በ105 ሚሊ ሜትር የሚሆነውን ካርድ ነው። ሉሁ ለሁለት ሲቆረጥ 148 በ210 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ይገኛሉ። አንዱ መሠረቱ ነው፦ መሃሉ ላይ፣ 105 ሚሊ ሜትር ሲሞላ ይታጠፋል፤ ይህ ዋናው እጥፋት ነው። ከላይ የዋለው ገጽ ደግሞ እንደገና በግማሹ፣ ከነጻው ጠርዝ 52.5 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ካርዱ ሲቆም ይህ እጥፋት እንደ ጣሪያ ሹል ሆኖ ይነሳል። ከሌላው ቁራጭ ሥዕሉን የሚሸከመው የፊት ሰሌዳ ይቆረጣል።

ስስ ወረቀት መጠቀም

ተራ የማተሚያ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፤ በራሱ ቆሞ አያድርም። ለመሠረቱም ለፊት ሰሌዳውም ከ220 እስከ 300 ግራም ያለው ይመቻል። ከዚያ የወፈረ ይበልጥ ይጠነክራል የሚለው ሐሳብ እውነት ቢሆንም እጥፋቱ ላይ ስለሚሰነጠቅ ለጀማሪ አይመከርም።

የቃጫውን አቅጣጫ አለማየት

የፋብሪካ ወረቀት ቃጫው ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላል። ሉሁን ሳይታጠፍ በቀስታ ጎበጥ እያደረጉ በሁለቱም በኩል ይሞክሩ፤ ሳይታገል የጎበጠበት በኩል እጥፋቱ ከቃጫው ጎን ለጎን የሚሄድበት ነው። ቃጫውን አቋርጦ የታጠፈ ወረቀት ጠርዙ ይሻክራል፣ ቀለም ያለው ከሆነ ደግሞ ነጩ ውስጡ ብቅ ይላል። ለዚህ ካርድ የሚስማማው ቃጫው በኤ4ው ረጅም ጎን የሚሄድ ሉህ ነው፤ ሁለቱም እጥፋቶች በዚያው አቅጣጫ ይውላሉና።

መስመሩን ሳያጎደጉዱ ማጠፍ

በጣት ብቻ የታጠፈ ወፍራም ወረቀት ቀጥ ያለ መስመር አይይዝም። የብረት ማስመሪያ አስደግፈው ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጫኑ፤ ከሥር የተወሰኑ ወረቀቶች ቢደረደሩ ጉድጓዱ ጥርት ብሎ ይወጣል። ምላጭ ለዚህ አይሁን፣ ወረቀቱን ግማሽ ድረስ ይበጥሳል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ቀጥሎ ነው። ሲጫን በአንድ በኩል ጉድጓድ፣ በሌላው በኩል ቀጭን ጉብታ ይፈጠራል። ጉብታው ወደ እጥፋቱ ውስጥ መግባት አለበት፤ ስለዚህ የሚጫነው በካርዱ ውጫዊ ፊት ነው። ወደ ጉድጓዱ በኩል የታጠፈ ወረቀት ውጪው ስለሚወጠር ቶሎ ይሰነጠቃል። እጥፋቱን ሲያስተኙ በላዩ ቁራጭ ወረቀት ያድርጉ፤ አለዚያ ጠርዙ ያብለጨልጫል።

የፊት ሰሌዳውን ሙሉ በሙሉ መለጠፍ

ካርዱን ለዘለቄታው የሚያበላሸው ይህ ነው። ኮላው የሚቀባው ከ52.5 ሚሊ ሜትሩ እጥፋት በታች ባለው ግማሽ ላይ ብቻ ነው፤ ከእጥፋቱም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ። ጥቂት ኮላ እጥፋቱን ከተሻገረ ሁለቱ ግማሾች ይያያዙና ካርዱ ጨርሶ አይነሳም። የሥዕሉ አናት ዋናው እጥፋት ባለበት በኩል መዋሉን ሳይለጥፉ ያረጋግጡ፤ ተገልብጦ የተለጠፈ ጽሑፍ የሚታወቀው ካርዱ ሲቆም ነው፣ ያኔ ደግሞ መንቀል አይቻልም።

ሰሌዳውን 145 በ102 ሚሊ ሜትር ቢያደርጉት ዙሪያው እኩል ጠባብ ክፈፍ ይተርፋል። ረዘም ያለ ሰሌዳ ግን ሲቆም አናቱ ከመሠረቱ ኋለኛ ጠርዝ ያልፋል።

ውሃ የበዛበት ኮላ ቃጫውን ስለሚያሳብጥ ሰሌዳው ይጣመማል። ሰፊ ቦታ ላይ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ይሻላል፤ ኮላ ግድ ከሆነ ስስ አድርገው ቀብተው እስኪደርቅ ከባድ መጽሐፍ ይጫኑበት።

ማገጃውን በግምት ማስቀመጥ

የቆመ ሰሌዳ ግርጌው ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ የሚይዘው መሠረቱ ላይ የተለጠፈ ማገጃ ነው። ከዋናው እጥፋት 60 ሚሊ ሜትር ላይ ቢሆን ሰሌዳው ወደ 55 ዲግሪ ያዘነብላል፤ ይህ ለዓይን ይስማማል። 75 ላይ ወደ 45 ዲግሪ ይተኛል። 35 ላይ ወደ 70 ዲግሪ ቀጥ ይላል፣ ነገር ግን ክብደቱ ወደ ኋለኛው ጠርዝ ስለሚጠጋ ትንሽ ንክኪ ይጥለዋል።

የማገጃው ከፍታ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። አንድ ንብርብር ወፍራም ወረቀት ሰሌዳው ይዘለዋል፤ የስፖንጅ ፕላስተር ላይ ቁራጭ ካርድ ቢለጠፍ ይበቃል። ሰሌዳውን የሚነካው ጎኑ ቀጥ ያለ ይሁን። ክብ ዶቃ ያምራል፣ ግን ሰሌዳው በላዩ ተንሸራቶ ያልፋል። መሃል ላይ ያለች አንዲት ነጥብም ሰሌዳው እንዳይሽከረከር አታግድም፤ 60 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ማገጃ ወይም ተራርቀው የተለጠፉ ሁለት ትንንሽ ማገጃዎች ያስፈልጋሉ።

ከባዱን ማስጌጫ አናት ላይ መስቀል

ከመሃሉ በላይ ሰሌዳው ከኋላ ድጋፍ የለውም። ቁልፍ፣ ዶቃና ባለ ብዙ ንብርብር አበባ ታችኛው ግማሽ ላይ ይዋሉ፤ አናቱ ለጽሑፍና ለሥዕል ይተው።

ፖስታውን መጨረሻ ላይ መፈለግ

ለዚህ ካርድ የሚሆነው 162 በ114 ሚሊ ሜትር የሆነው የሲ6 ፖስታ ነው። በቁመት የሚተርፈው 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ማገጃው፣ እጥፋቱና ማስጌጫው ተደራርበው ካበጡ ጠባቧን ትርፍ ይበሏታል፤ ከጠርዙ የወጣ ቅጠል ወይም ሪባንም እንዲሁ። ማስጌጫውን ሳይለጥፉ በቦታው ደርድረው ካርዱን ዝጉና ፖስታው ውስጥ ያስገቡት። ካልገባ ማገጃውን ሳይሆን ማስጌጫውን ይቀንሱ።