ከረጅም መነጠል በኋላ ጅማ ላይ ከማያውቁት ሰው ጋር እንዴት ወግ ይጀመራል?

በሕመም፣ በሐዘን ወይም እንደ 2012 ዓ.ም. ባለ ወረርሽኝ ምክንያት ለወራት ከሰው ተለይተው ከቆዩ፣ መውጫዎን ሐሙስ ያድርጉት፤ የሂርማታ ገበያ የሚደምቀው በዚያ ቀን ነውና። ለመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው ማነጋገር ይበቃል። ጀበና ቡና ከሚፈላበት ቦታ በርጩማ ላይ ይቀመጡ፤ ስልክዎን ኪስዎ ውስጥ ያኑሩ፤ አጠገብዎ ላለው ሰው በኦሮምኛ «አካም» ብለው ሰላምታ ከሰጡ በኋላ ስለ ዝናቡ ወይም ስለ ቡናው ዋጋ ያንሡ እንጂ፣ የት እንደሚኖርና ምን እንደሚሠራ አይጠይቁ (እንዲህ ያለው ጥያቄ ቀስ ብሎ ይመጣል)። እኔ ከአራት ወር በኋላ በወጣሁበት ቀን፣ አንዲት የማላውቃቸው እናት ከእስራቸው የጤና አዳም ቅጠል ቀንጥሰው ስኒዬ ውስጥ ነከር አደረጉልኝና «ከሳህ ልጄ፣ ታመህ ነበር?» አሉኝ፤ ስማቸውን ሳልጠይቅ ብንለያይም ደስታው እስከ ማታ አልለቀቀኝም። ዝናብ ከጣለ ወደ ቤት አይሩጡ፤ አንድ ሸራ ሥር የተጠለሉ ሰዎች ሳይተዋወቁ ይጫወታሉ።