የሰርቨሩ የርቀት ኮንሶል እምቢ ሲል፦ ችግርና መፍትሔ

ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ባለ ሕንፃ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ራክ ውስጥ የተቀመጠ ሰርቨር ሌሊት ቢቆም፣ ቤት ተቀምጦ ማስነሳት የሚቻለው ማዘርቦርዱ ላይ ባለችው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ቢኤምሲ ትባላለች፤ የሰርቨሩን ስክሪን ከሩቅ የሚያሳየው የርቀት ኮንሶልም የሚከፈተው በእሷ ድረ ገጽ ነው። ዴል አይድራክ፣ ኤችፒ አይሎ ይሏታል፤ በሱፐርማይክሮ ዘንድ የሚታወቀው ስሟ አይፒኤምአይ ነው። የራሷ ፕሮሰሰር፣ የራሷ ፈርምዌር (ውስጧ የተጫነ ፕሮግራም) እና የራሷ አይፒ አድራሻ ስላላት ሰርቨሩ ቢጠፋም የኃይል ገመዱ ላይ ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ትሠራለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሷንና ሰርቨሩን አንድ አድርጎ ሲያይ ነው።

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ሰርቨሩ ይሠራል፣ ቢኤምሲዋ ግን አትመልስም

በእኛ ከተማ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው። ዩፒኤሱ ባዶ እስኪሆን ጀነሬተሩ ካልተነሣ ሁሉም አብሮ ይጠፋል፤ መብራት ሲመጣም ሁሉም አብሮ ይነሣል። በበርካታ የሱፐርማይክሮ ቦርዶች ላይ የቢኤምሲዋ ኔትወርክ ከፋብሪካው ሲወጣ «ፌይልኦቨር» ላይ ተደርጎ ነው። ስትነሣ ለእሷ ብቻ የተሠራውን ወደብ ትመለከታለች፤ መስመር ካላገኘች ወደ ሰርቨሩ አንደኛ የኔትወርክ ወደብ ትዞራለች። ኬብሎቹ የሚገናኙበት ስዊች ደግሞ ለመነሣት ጊዜ ይወስዳል። እሱ እስኪደርስ እሷ ወስናለች፤ በቆየ ፈርምዌር ላይ ደግሞ ዳግመኛ እስክትነሣ ድረስ ከውሳኔዋ አትመለስም። ኬብሉ ደህና፣ አድራሻው ትክክል፣ ግን መልስ የለም።

ሰርቨሩ ላይ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ትእዛዝ መስጫ) መግባት ከተቻለ ፎቅ መውጣት አያስፈልግም። ቢኤምሲዋን በሚያዝዘው አይፒኤምአይቱል በተባለው ፕሮግራም «ኤምሲ ሪሴት ኮልድ» የሚለውን ትእዛዝ ይስጡ። ቢኤምሲዋ ብቻ ናት የምትነሣው፤ ሥራ ላይ ያለው ዳታቤዝ አይነካም። ይህን የሚፈሩ ባለሙያዎች አሉ፤ ፍርሃታቸው ሰርቨሩን ራሱን አጥፍቶ ወደማብራት ሲመራቸው አያለሁ፤ አደገኛው ግን ያኛው ነው። በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ማራገቢያዎቹ ለጥቂት ጊዜ በሙሉ ኃይላቸው ይጮኻሉ፤ ክፍሉ ውስጥ ሰው ካለ አስቀድመው ይንገሩት። በዴል ላይ ትእዛዙ «ራክአድም ራክሪሴት» ነው፤ ማሽኑ ፊት ከቆሙ ደግሞ «አይ» የሚል ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከ15 ሰከንድ በላይ ተጭነው ይያዙ። የቢኤምሲዋ ድረ ገጽ እስኪከፈት ጥቂት ደቂቃዎች ይታገሡ።

ከዚያ ችግሩ እንዳይመለስ በሱፐርማይክሮዋ ቢኤምሲ የኔትወርክ ቅንብር ውስጥ «ላን ኢንተርፌስ» የሚለውን ከ«ፌይልኦቨር» ወደ «ዴዲኬት» (ለእሷ ብቻ የተሠራው ወደብ) ይቀይሩት። ሪሴት ብቻ አድርጎ መተው ለሚቀጥለው መብራት መጥፋት ቀጠሮ መያዝ ነው።

ቢኤምሲዋ ትመልሳለች፣ ሰርቨሩ ግን መብራት ሲመጣ አልተነሣም

ባዮስ (ሰርቨሩን የሚያስነሣው መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ ኃይል ሲመለስ ምን እንደሚደረግ የሚወስነው ቅንብር «ጠፍቶ ይቆይ» ላይ ነው። «ወደነበረበት ይመለስ» ላይ ያድርጉት። ራኩ ሙሉ ከሆነ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሥተው ጀነሬተሩን እንዳያስጨንቁ መዘግየት ይስጧቸው፤ የዴል ባዮስ ይህን ይፈቅዳል።

ገጹ ይከፈታል፣ ኮንሶሉ አይከፈትም

ገጹ የሚመጣው በወደብ 443 ነው፤ ይህ የኬብል መሰኪያ ሳይሆን የግንኙነት ቁጥር ነው። ኮንሶሉ ግን በቆዩ ማሽኖች ላይ የራሱ ወደብ አለው፤ በአይድራክ 5900፣ በአይሎ 17990። በፋየርዎሉ ላይ የተከፈተው 443 ብቻ ከሆነ ምክንያቱ ተገኝቷል። ኮንሶሉ በጃቫ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ አዲሱ ጃቫ የኮንሶሉን ፕሮግራም ያረጀ ዲጂታል ፊርማ አይቀበልም። አይድራክ 7 እና 8 ፈርምዌራቸው ሲታደስ ያለ ጃቫ ይከፍታሉ። አይድራክ 6 ተስፋ የለውም፤ ለእሱ ጃቫ 8 ያለበት፣ ከኢንተርኔት የተለየ አንድ ቨርቹዋል ማሽን ያስቀምጡ።

ኮንሶሉ ተከፍቶ ይጠቁራል

መቼ እንደጠቆረ ይመልከቱ። በኤችፒ ላይ የባዮሱ ምስል ታይቶ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሲጀምር ከተቋረጠ ብልሽት አይደለም፤ የላቀው የአይሎ ፈቃድ አልተገዛም ማለት ነው። የግራፊክስ ካርድ ከተጨመረ በኋላ ከጠቆረ ምስሉ ወደ ካርዱ ሄዷል፤ ቢኤምሲዋ የምታሳየው የቦርዱን ብቻ ስለሆነ በባዮሱ ውስጥ ቀዳሚው የቦርዱ እንዲሆን ያድርጉ። በጽሑፍ ብቻ በሚሠራው ሲሪያል ኮንሶል ዝብርቅርቅ ፊደል ከመጣ የሁለቱ ወገን ፍጥነት አልተስማማም፤ 115200 ላይ ያገናኟቸው። ባዮሱ ታይቶ ሊኑክስ ሲነሣ ዝም ካለ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ወደ ሲሪያል ወደቡ እንዲጽፍ አልታዘዘም።

የይለፍ ቃሉ አይሠራም

ዴል ለዓመታት የተጠቃሚ ስሙን «ሩት»፣ የይለፍ ቃሉን «ካልቪን» አድርጎ ይመጣ ነበር። ሱፐርማይክሮ እስከ 2019 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ሁለቱንም «አድሚን» አድርጎት ነበር፤ ከ2020 ወዲህ ለእያንዳንዱ ማሽን የተለየ ቃል ተለጣፊ ላይ ያትማል። የኤችፒው ከፊት በኩል በሚሳበው ካርድ ላይ ነው፤ ካርዱ ሳይጠፋ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡት። ቃሉ ከጠፋ በኤስኤስኤች ገብተው በአይፒኤምአይቱል አዲስ መስጠት ይቻላል።

ቢሮ ላለመሄድ ሲባል ቢኤምሲዋን በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ ማውጣት ግን መፍትሔ አይደለም። ቢኤምሲዎች የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል አይፒኤምአይ 2.0 በዩዲፒ ወደብ 623 የተጠቃሚውን የይለፍ ቃል ሃሽ (ቃሉን በመገመት ለማግኘት የሚያስችል ቅርጹን) ለጠየቀው ሁሉ ይሰጣል፤ ስህተቱ የፕሮቶኮሉ ስለሆነ ፈርምዌር በማደስ አይስተካከልም። በተለየ ቪላን (ከሌላው የተነጠለ የኔትወርክ ክፍል) ውስጥ አስቀምጠው በቪፒኤን (የተመሰጠረ መግቢያ) ብቻ ይግቡ።