ፎርስ፣ ቶርክና ሞመንተም፦ መልሱ እምቢ ሲል ችግሩ የት ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆችን ፊዚክስ ሳስጠና ብዙ አመት ሆኖኛል፣ ሬሜዲያል የገቡትም ይመጣሉ፣ ደብተራቸውን ስገልጥ ግን የሚበላሸው እዛው ቦታ ላይ ነው። ግራምን ወደ ኪሎ መቀየር ምናምን ታውቃላችሁ ብዬ አልፌዋለሁ።

ፎርስ ላይ ምልክቱ፦ ሂሳቡ ልክ ነው፣ አክስለሬሽኑ ግን ምርጫው ውስጥ የለም።

መንስኤው ሁሌ ማለት ይቻላል ኖርማል ፎርስን ዝም ብሎ ኤም ጂ (ማስ ሲባዛ በጂ፣ ማለትም የእቃው ክብደት) ማለት ነው። ይሄ በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ፎቶ ኮፒ ቤት በሚሸጡ የፎርሙላ ወረቀቶች ላይ በሳጥን ተከቦ ያለምንም ማብራሪያ ተጽፎ አይቻለሁ፣ ልጆቹም አምነው ይሸመድዱታል። ኖርማል ፎርስ የራሱ ፎርሙላ የለውም! ወለሉ እቃውን መልሶ የሚገፋበት ነው፣ የሚገፋውም የተጫነውን ያህል ብቻ ነው።

ከመሀል ሜዳ የመጣች አንዲት ተማሪ ነበረች። ጥያቄው፦ 50 ኪሎ የገብስ ጆንያ ወለል ላይ ከአግድም 30 ዲግሪ ወደ ላይ ባዘነበለ ገመድ በ200 ኒውተን ይጎተታል፣ ሚዩ (የፍሪክሽን፣ ማለትም የሰበቃ ኮፊሸንት) 0.3፣ ጂ (የመሬት ስበት አክስለሬሽን) 10። ሦስት ጊዜ ሰራችው፣ ሦስቴም 0.46 መጣ። እስኪ እስክርቢቶውን አስቀምጪውና ጆንያውን አስቢው አልኳት፣ ገመዱ ወደ ላይ እየሳበ ወለሉ 500ውንም ይሸከማል? ትንሽ ዝም አለችና «አይ፣ ገመዱ አቅልሎለታል» አለች። በቃ። ገመዱ 100 አነሳ፣ ኖርማሉ 400፣ ፍሪክሽኑ 120፣ ወደፊት የሚስበው 173፣ የተረፈው 53 ለ50 ሲካፈል 1.06 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር።

አሁን ያንኑ ጆንያ ከኋላ ሆናችሁ በዛው 200ና በዛው 30 ዲግሪ ወደ ታች አዘንብላችሁ ግፉት። ኖርማሉ 600 ሆነ፣ ፍሪክሽኑ እስከ 180 መያዝ ይችላል፣ ግፊያችሁ ደግሞ 173 ነው፣ ስለዚህ ቆሞ የነበረ ጆንያ ንቅንቅ አይልም። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፦ 173 ሲቀነስ 180 ብለው ኔጌቲቭ አክስለሬሽን የሚጽፉ አሉ፣ ጆንያው ወደ ገፋው ሰው ይመጣል ማለት እኮ ነው! የቆመ እቃ ላይ ፍሪክሽን ሚዩ ሲባዛ ኖርማል አይደለም፣ እሱ ጣሪያው ነው፤ እዚህ 173 ብቻ ነው።

መፍትሄው፦ እቃውን ለብቻው ሳሉት፣ እያንዳንዱን ቀስት «ማን ሰጠህ?» በሉት። ክብደቱን መሬት፣ መሳቡን ገመድ፣ ኖርማልና ፍሪክሽንን ወለሉ። ሰጪ የሌለው ቀስት ይሰረዝ። ኤም ኤ (ማስ ሲባዛ በአክስለሬሽን) ቀስት አይደለም፣ እባካችሁ አትሳሉት። ከዛ መጀመሪያ የላይና የታቹን እኩል አድርጉ፣ ኖርማሉ ራሱ ይወጣል።

ቁልቁለት ከሆነ፣ ከጣርማበር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና እንደሚወርድ አይሱዙ፣ አክሲሱን ከመንገዱ ጋር አዘንብሉት፣ ኖርማሉ ኤም ጂ ኮሳይን ነው። ሳይንና ኮሳይን ከተምታታባችሁ አንግሉን ዜሮ አድርጉት፣ መንገዱ ሜዳ ሲሆን ኖርማሉ ሙሉ ኤም ጂ ካልሆነ ገልብጣችሁታል።

ቶርክ (የማዞር ጉልበት፣ ፎርስ ሲባዛ በርቀት) ላይ ምልክቱ የተሸካሚዎቹ ድምር ከጠቅላላ ክብደቱ ማነሱ ነው፣ የአጣናውን የራሱን ክብደት ረስታችሁ። 4 ሜትር፣ 20 ኪሎ አጣና ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ፣ ከአንደኛው 1 ሜትር ላይ 30 ኪሎ ቢንጠለጠል፣ ፒቮቱን (መዞሪያ ነጥቡን) ቅርቡ ሰውዬ ጋ አድርጉ፦ 300 በ1፣ ሲደመር 200 በ2፣ ለ4 ሲካፈል 175 ኒውተን ለሩቁ ሰውዬ፣ ለቅርቡ 325። የአጣናው ክብደት መሀሉ ላይ ነው፣ ጫፉ ላይ አይደለም።

ሞመንተም (ማስ ሲባዛ በቬሎሲቲ) ላይ የሚረሳው አቅጣጫ ነው። 0.4 ኪሎ ኳስ በ10 ሄዶ ግድግዳ መትቶ በ8 ቢመለስ ለውጡ 0.8 ሳይሆን 7.2 ነው፣ መመለሻው ኔጌቲቭ ስለሆነ።

አልፎ አልፎ ደግሞ ሳይን 30 ሲባል −0.988 የሚል ካልኩሌተር ይገጥማል፣ ራዲያን ላይ ነው፣ ወደ ዲግሪ መልሱት።