ፎቶው ከነወጉ፦ የአያቶቻችንን ትዝታ በደብተር እንዴት እናስቀምጥ?

እኛ ቤት አንድ ፎቶ አለ። ደሴ ፒያሳ ከነበሩት ፎቶ ቤቶች በአንዱ የተነሳ ነው። ከኋላ ሐይቅና ዛፍ የተሳለበት መጋረጃ ተዘርግቷል። አፍሮዋን ያጎፈረች ወጣት ቆማለች፤ አጠገቧ አንድ ልጅ ሬዲዮ ታቅፏል። አክስቴ ማን እንደሆኑ ታውቅ ነበር። እኛ ግን በሕይወት ሳለች አልጠየቅናትም። አሁን ፎቶውን ለሦስት ዘመድ ብናሳይ ሦስት የተለያየ ስም ይነግሩናል።

የአያቴን የእማማን የትዝታ ደብተር መሥራት የጀመርኩት በዚህ ቁጭት ነው። ነገሩ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ የቆየ ወረቀትና ወግ ባንድ ላይ የሚቀመጥበት ትልቅ ደብተር ነው። ውጭ አገር "ስክራፕቡክ" ይሉታል። ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ኮላና ባለቀለም ወረቀት በመግዛት ነው። እኔ ግን ከሰው ጀምሩ እላለሁ። ኮላ ነገም ይገኛል።

1. መጀመሪያ ቡና ይፈላ

ወሎ ውስጥ ወግ የሚፈታው ቡና ላይ ነው። ስለዚህ ጥያቄ ደርድራችሁ እንደ ጋዜጠኛ ፊታቸው አትቀመጡ። ቡናው ይፈላ፣ እጣኑ ይጨስ። አቦሉ ላይ ምንም አትጠይቁ፤ የጎረቤቱ፣ የገበያው፣ የጉልበት ሕመሙ ወሬ ይቅደም። ቶናው ላይ አንድ ፎቶ አውጡ። አንድ ብቻ። አልበሙን ሙሉ ከዘረገፋችሁት ሁሉም ይነካካል እንጂ አንዱም በወጉ አይወራም። በረካው ሲቀዳ ዝም ብላችሁ ስሙ። እማማ ስለ ሠርጋቸው ቀን ያወሩኝ ሦስተኛው ሲኒ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ስለ በርበሬ ዋጋ ስናወራ ነበር።

አጠያየቅም ለውጥ አለው። "ይሄን ያስታውሱታል?" አትበሉ። ፈተና ይመስላል። ማስታወስ እየተሳናቸው ያሉ አረጋዊ ከሆኑ ደግሞ ያፍሩና ዝም ይላሉ። "እማማ፣ ይሄን ቀሚስ ማን ሰፋልዎት?" ብትሉ ይሻላል። ስለ ቀሚሱ ሲያወሩ ልብስ ሰፊው ይመጣል፣ ሱቁ ይመጣል፣ ጨርቁን የገዛላቸው ሰው ይመጣል።

አስፈቅዳችሁ በስልካችሁ ድምፅ ቅዱ። ስልኩን ከረከቦቱ አርቁት፤ የሲኒው ኳኳታ ድምፃቸውን ይውጠዋል። ትራስ ላይ አስቀምጡት። መሐል ላይ ጥሪ እንዳያቋርጣችሁ ኔትወርኩን ዝጉ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሲደክማቸው አቁሙ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ወሎ ውስጥ ክፉ ቀን ያላየ አረጋዊ ጥቂት ነው። ከ1966ቱና ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ስማቸው የማይነሳ ልጆች ያሉበት ቤት አለ። ወጉ እዚያ ሲደርስ አትግፉ። ራሳቸው ከገቡበት አድምጡ። "ይሄን አትጻፊው" ካሉ አይጻፍም፤ መቅጃውም ይጥፋ። ወጉ የእሳቸው ነው።

አቅም ካላቸው ደግሞ ባጃጅ ያዙና ከተማውን አዙሯቸው። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈርን፣ ሰኞ ገበያን አሳዩአቸው። እማማ ቤት ቁጭ ብለው የጠፋባቸው የጓደኛቸው ስም ሰኞ ገበያ ስንደርስ መጣላቸው።

2. ዘመኑን ፍቱ

አረጋውያን ብዙ ጊዜ በዓመተ ምሕረት አይቆጥሩም። "ጣሊያን ደሴን የደበደበ ጊዜ"፣ "አብዮቱ የፈነዳ ክረምት"፣ "ያ ክፉ ቀን" ነው የሚሉት። ስለዚህ አንድ ወረቀት መሐሉን አስምሩ። በግራ በኩል አገር የሚያውቀውን ጻፉ። የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን የደበደቡት ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ጃንሆይም ያኔ ከተማው ውስጥ ነበሩ። ጣሊያን ተሸንፎ የወጣው በ1933 ነው። አብዮቱና የመጀመሪያው ድርቅ 1966፣ ሁለተኛው ድርቅ 1977፣ ደርግ የወደቀው 1983። በቀኝ በኩል የቤታችሁን ታስገባላችሁ። እማማ የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙት "አብዮቱ የፈነዳ ክረምት" ነው። እንግዲህ አጎቴ የተወለደው በ1967 ነው ማለት ነው። መታወቂያው ላይ ያለው ሌላ ነው። እኔ ሁለቱንም ጻፍኩ።

ያዩትንና የሰሙትን ለዩ። የ1928ቱን ድብደባ እማማ አላዩም፤ ከእናታቸው ነው የሰሙት። "እናቴ እንዳለችኝ" የሚለውን ቃላቸውን አልቆረጥኩትም። ከውጭ የመጣ ደብዳቤ ካለ ደግሞ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አጠገቡ አስፍሩ። የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ቀላል አይደለም።

3. ፎቶውን አድኑ

እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቁ። ፎቶውን በጠርዙ ብቻ ያዙ። ጀርባው ላይ ለስላሳ እርሳስ ተጠቀሙ፤ እስክሪብቶ ይተላለፋል፣ ሲጫኑትም ፊቱ ላይ ይወጣል። ስሙን እስከ አያት ጻፉ። የክርስትና ስምም፣ የቁልምጫ ስምም ካለ ይግባ። እኛ ጋ አንድ ቤት ውስጥ መሐመድም ገብረማርያምም ወንድማማች ሆነው ይገኛሉ። ለልጅ ለማስረዳት አስቸጋሪ ነው ብላችሁ አንዱን ስም አትተዉት። ወሎነቱ እዚያ ላይ ነው።

የሚያጣብቅ ገጽና ፕላስቲክ ሽፋን ካለው አልበም ራቁ። እኔ ከአንድ ሱቅ ቆንጆ መስሎኝ ገዝቼ ስድስት ፎቶ ለጠፍኩበት። ከጥቂት ዓመት በኋላ ማጣበቂያው ቢጫ ሆነ፤ ሁለቱ ሲላቀቁ ተቀደዱ። የእናንተም ከተጣበቀ አትጎትቱት። ቀጭን የጥርስ ክር ከሥሩ አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ እንደ መጋዝ ሳቡት። እምቢ ካለ ባለበት ፎቶ አንሱትና ተዉት። ከፍሬም መስታወት ጋር የተጣበቀም እንዲሁ ነው፤ ከነመስታወቱ ስካን ይደረግ።

ፎቶ ቤት ስትሄዱ በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን አድርጉልኝ በሉ፤ ለጉርድ ፎቶ በተለይ። ተለቅ ላለው 300 ይበቃል። በስልክ ከሆነ በቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ፣ ያለ ፍላሽ አንሱ።

ከዚያ ዋናውን ፎቶ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። የደሴ ጉምና የክረምት እርጥበት ሻጋታ ያመጣል፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ቀለሙን ቶሎ ያደክማል። የጭቃ ግድግዳ አያስጠጉት፣ ወጥ ቤትም አያስገቡት። ቁም ሣጥን መሐል፣ ወረቀት ፖስታ ውስጥ፣ ካርቶን ሳጥን ሆኖ ቢቀመጥ ጥሩ ነው።

4. ገጹን ሥሩ

ደብተሩ ላይ የሚገባው ቅጂው ነው። ዋናውን አትቁረጡ፣ ኮላም አይንካው። ተጨማሪ ገጽ ማስገባት እንዲቻል ባለ ቀለበት ክላሰርና ወፈር ያለ ነጭ ወረቀት ይሻላል። የጋዜጣ ቁራጭ ካለ ፎቶ ኮፒ አድርጉት፤ የጋዜጣ ወረቀት ራሱ ይጠወልጋል፣ የነካውንም ያበላሻል።

ለአንድ ገጽ አንድ ወግ ይበቃዋል። ጽሑፉን በእሳቸው አንደበት ጻፉት። "አያቴ ደግ ሴት ነበሩ" የሚል መስመር የማንም አያት ነው። እማማ ግን "ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ነበር፤ አገሩ ጣራ የለውም እንዴ ብዬ ፈራሁ" ብለውኛል። ይሄ የእሳቸው ብቻ ነው።

ከፎቶ ሌላ ምን ይግባ? የድሮ የቀበሌ መታወቂያ ቅጂ፣ የእድር ደብተር፣ የሠርግ ጥሪ፣ ከተበላ ነጠላ የተረፈ የጥለት ቁራጭ። የበርበሬያቸው አዘገጃጀት እንደነገሯችሁ፣ "እፍኝ" እና "ትንሽ ብቻ" የሚለው ሳይቀየር። እጃቸውን ወረቀት ላይ አስዘርግታችሁ ዙሪያውን በእርሳስ ሳሉት። ልጆቼ ከሁሉም ገጽ የሚወዱት እሱን ነው። እጃቸውን ይለኩበታል።

የፎቶ መግለጫውን ለጊዜው በእርሳስ ጻፉ። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

5. አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡ

በ2014 ጥቅምት በጦርነቱ ምክንያት ከደሴ ስንወጣ ልጆቹንና ልብስ ይዘን ነው። አልበሙ ቁም ሣጥን ላይ ቀረ። ስንመለስ በቦታው አገኘነው፤ ቤታቸው ተዘርፎ ያላገኙ ግን ብዙ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የእማማ ደብተር ሦስት ቦታ አለ። ወረቀቱ ቤት ነው። ስካኑና ድምፁ በፍላሽ ሆኖ ኮምቦልቻ ዘመድ ጋ አለ። ሦስተኛው ኢንተርኔት ላይ ነው። በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ ጥራቱን ይቀንሰዋል። ፋይሉን በሰው ስምና በዓመት ሰይሙት።

6. አስነብቧቸው

ደብተሩ አለቀ ስትሉ ለባለቤቱ አንብቡላቸው። ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ፣ ገጽ በገጽ። እኔ ለእማማ ሳነብ የሠርጋቸው ማግስት ፎቶ ላይ ደረስኩ። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ሥሩ "እማማ በነጭ ቀሚሳቸው" ብዬ ጽፌ ነበር።

"ማን ነጭ አለሽ?" አሉኝ። "ቢጫ ነበር እኮ። የአደይ አበባ የመሰለ ቢጫ።"

ላጲስ አመጣሁ።